በእሳት ያላለፈ ቢላዋ

«ኧረ የእንሰት ቅጠል! ሰው ባዶ መሬት ላይ ይቀመጥ እንዴ?» አለ ጦና፣ ከድንኳኑ አፍ ላይ ቆሞ። መልስም አልጠበቀ። ቢላዋውን ከወገቡ መዥረጥ አድርጎ ወደ ጓሮ ዞረ። ሰባት ስምንት ሰው ተከተለው፤ ገጀራ የያዘ በገጀራ፣ ማጭድ የያዘ በማጭድ።

ታንጉት ከሴቶቹ መሐል ሆና አየቻቸው። ባሏ ማሞ ከተቀበረ ገና ሁለት ሰዓት አልሞላውም። «እሳት!» ልትል አፏን ከፈተች፤ ከፍታም መልሳ ዘጋችው። አጠገቧ ያለችው ጎረቤት ሳግ የያዛት መስሏት፣ «አይዞሽ የትህትና እናት፣ አልቅሺ፣ ይውጣልሽ» እያለች ጀርባዋን ደባበሰቻት።

ምን ትበል? የባሏ ታላቅ ወንድም፣ አስከሬን ሲሸከም የዋለ ሰው፣ ለለቅሶተኛ መቀመጫ ሊቆርጥ ሲገባ «ቆይ ጋሼ፣ መጀመሪያ ቢላዋዎን እሳት ላይ ያሳልፉ» ትበለው? ሰው ምን ይላል? ይኸ «ሰው ምን ይላል» የሚሉት ነገር እኮ ከወባ የባሰ ገዳይ ነው፤ ስንቱን ቤት ዘግቷል! ከጓሮ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ መጣ። ታንጉት ጆሮዋን በነጠላዋ ሸፈነች።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ልንገር። አጠውልግ የሚሉት የእንሰት በሽታ ከሁሉ በላይ የሚመጣው በስለት ነው። የታመመ እንሰት የቆረጠ ቢላዋ ጤነኛውን ከነካ ቅጠሉ ከመሐል ቢጫ ይላል፣ ይጠወልጋል፣ ግንዱ መግል የመሰለ ፈሳሽ ያወጣል። መድኃኒት የለውም። የማሞና የታንጉት የፊተኛው ጓሮ የዛሬ ስድስት ዓመት ያለቀው እንዲህ ነው። ለቆጮ እንሰት ሊፍቁ ከየቤቱ የተሰበሰቡ ሴቶች ቢላዋ ገባና ወጣ፤ ከዚያ ወዲያ ጓሮው ሁሉ በቁሙ በሰበሰ። በዚያ ዓመት በሬው ተሸጠ። ትህትና ከአራተኛ ክፍል ተነሥታ ሶዶ ከተማ ሰው ቤት ተቀጠረች። ማሞ ልጁን ሚኒባስ ላይ አሳፍሮ የተመለሰ ዕለት በረት ውስጥ ገብቶ እንደ ሕፃን ልጅ ነው ያለቀሰው።

ከዚያ ወዲህ ሌላ ሰው ሆነ። የልማት ጣቢያ ሠራተኛዋ ናርዶስ ያለችውን ሁሉ እንደ ወንጌል ያዘ። ሩቅ አገር ሃላሌ ድረስ ሄዶ ንጹሕ ችግኝ በጀርባው ተሸክሞ አመጣ። ተዳፋቱን በእርከን ከፋፍሎ አፈር የሚይዝ ደሾ የተባለ ሳር ተከለበት። ላሟን ከግጦሽ አስቀርቶ ሳሩን እያጨደ ከደጅ አበላት፤ እበቷን ደግሞ በቅርጫት ለእንሰቱ። «ላሟ እንሰቱን ታበላለች፣ እንሰቱ እኛን ያበላል፤ እኔ የሁለቱም አሽከር ነኝ» ይል ነበር እየሳቀ። ሁለት መቶ አሥር ግንድ አቆመ። በሽታ አንዱንም አልነካውም። «በሚመጣው ዓመት መፋቅ እንጀምራለን። የዚያን ቀን ሶዶ ወርጄ ልጄን አመጣታለሁ» ብሎ ምሏል። አልደረሰበትም። ትህትናም ለአባቷ ቀብር የሦስት ቀን ፈቃድ ለምና መጣች። ታንጉት ግን አስከሬኑ አጠገብ ልጇን አቅፋ፣ «ከእንግዲህ አትሄጂም። ጓሮው ያኖረናል» ብላታለች።

ማሞ በሕይወት እያለ አጥሩ በር ላይ ፍም ጠፍቶ አያውቅም። በእሳት ያላለፈ ስለት አይገባም፣ አለቀ! አገሩ መጀመሪያ ሳቀበት፣ ኋላ ተቀየመው። ሴቶቹ፣ «ቡዳ ነን እንዴ የምታጥነን? ፍቂያው ሲደርስ አንመጣልህም!» አሉ። ጦና ደግሞ የባሰ ተቀየመ። የዛሬ ሁለት ዓመት ለልጁ ሠርግ ቅጠል ሊቆርጥ መጥቶ ማሞ ፍሙን ቢያሳየው፣ «በአባቴ መሬት ላይ፣ በታናሼ እጅ ልታጠን?» ብሎ ቢላዋውን ሰገባው ውስጥ ከትቶ ሄደ። ከዚያ ወዲያ አላነጋገረውም። ማሞ ሆስፒታል አምስት ቀን ተኝቶ ሲማቅቅ ደጁን አልረገጠም። የሞተ ዕለት ግን ከሁሉ ቀድሞ ደረሰ፣ ከሁሉ በላይ ጮኸ። መቼም ለሞተ ሰው ዘመድ ሞልቷል።

በሁለተኛው ቀን የወረዳ ሰዎች ከቦምቤ በመኪና መጡ። ንፍሮ በእንሰት ቅጠል ቀረበላቸው። አንደኛው ተነሥቶ፣ «ሞዴል አርሶ አደራችን ማሞ የተከለው ሁሉ ለትውልድ ይተርፋል» ሲል፣ ያ ቀጭ ቀጭ ከጓሮ አላቋረጠም። እንግዳ ሲበዛ ቅጠልም ይበዛል። ታንጉት ናርዶስን በዓይኗ ፈለገቻት። እሷ እንኳ ትናገር ይሆናል፣ የተማረች ናት፣ የመንግሥት ሠራተኛ ናት። ናርዶስ አንገቷን ደፍታ ንፍሮዋን ትበላለች።

በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ሊነሣ ሲል ናርዶስ መጥታ አጠገቧ ቁጢጥ አለች።

«እትዬ ታንጉት፣ አንድ ነገር ልንገርዎት» አለች በሹክሹክታ። «የጋሽ ጦና ጓሮ ታሟል። ከሁለት ሳምንት በፊት አይቼዋለሁ። ነቅለው ይቅበሩት ብላቸው፣ ለሰው እንዳትነግሪብኝ ብለው ለመኑኝ።»

ታንጉት ዞረችባት። «ቢላዋውን ይዞ ሲገባ አላየሽውም?»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ?»

«በለቅሶ ቀን፣ እትዬ... ምን ብዬ?»

ታንጉት ልትሰድባት ፈለገች፤ አንጀቷ አሮ ነበር። ግን በየትኛው አፏ? እሷስ፣ የቤቱ ባለቤት፣ ምን ብላ ነበር?

ተነሥታ ጦና ከሽማግሌዎቹ ጋር ወደተቀመጠበት ሄደች።

«ጋሼ፣ በእርስዎ ቢላዋ የተቆረጡት የትኞቹ ናቸው?»

«ምኖቹ?»

«እንሰቶቹ።»

ጦና ገባው። ፊቱ ተለዋወጠ። «ወንድሜን ቀብሬ፣ ዓይኔ በእንባ ተሞልቶ የቱን እንደቆረጥኩ በምን አውቃለሁ? ደግሞ እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ቢላዋዬን ለሌሎቹም አውሻለሁ።»

«ጓሮዎ መታመሙን ያውቁ ነበር።»

ሽማግሌዎቹ ዞር ብለው አዩት። ጦና መሬት መሬት እያየ፣ «እሳት ካልኩማ ሰው ሁሉ ያውቅብኝ የለም?» አለ። «ማሞም ልክ ነበር ማለት አይሆንም?»

ከሴቶቹ መሐል አንዲት አሮጊት፣ «አይ ልጄ! የሞተው ባልሽ፣ የገደለው ወንድምሽ፤ ኀዘንሽ ቅጥ አጣ ከቤትሽም አልወጣ» ብላ አፏን በመዳፏ ያዘች።

ናርዶስ ታንጉትን ተከትላ ጓሮ ገባች። «የተቆረጡትን ሁሉ ለይተው ምልክት ያድርጉባቸው። እነሱን የነካ ስለት ወደ ሌላው እንዳያልፍ። ቢጫ ያለውን ከነሥሩ ነቅለው ይቀብራሉ። ከሁለት ወር በኋላ የሚተርፈው ይለያል» አለች። ታንጉት «ሂጂልኝ» ብቻ አለቻት።

አንድ በአንድ ቆጠረች። ሰባ ሦስት። ትልልቆቹን መርጠው ነው የቆረጡት፤ ለመፋቅ የደረሱትን።

ጥቁር ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና በጥርሷ ነክሳ ተረተረችው። አንዱን ቁራጭ በመጀመሪያው ግንድ ላይ አሰረች፣ ቀጥሎም ሁለተኛው ላይ። ከድንኳኑ በኩል «ኧረ ይቺ ሴት አበደች!» የሚል ሰማች፤ ይበሉ አለች። ሠላሳ፣ አርባ፣ ሃምሳ አሰረች። ሃምሳ ስምንተኛው ላይ ጨርቁ አለቀ።

ትህትና ከኋላዋ መጥታ ቆማለች፤ ስልኳ በእጇ ነው።

«እማ፣ አሠሪዎቼ ደውለው ነበር። ነገ ጧት ካልገባሁ ሌላ ሰው ሊቀጥሩ ነው። ምን ልበላቸው?»

ታንጉት «ቅሪ» ለማለት ዞረች። ባዶ እጇን እንደዘረጋች ያልታሰሩትን ግንዶች ብቻ ታያለች።

ልጅቷ እናቷን አየች፤ ከዚያ ጓሮውን፣ ጥቁር ጨርቅ የታሰረባቸውን አንድ በአንድ አየች። ከራሷ ላይ ጥቁር ሻሿን ፈታች፣ በጥርሷ ጫፉን ነክሳ እስከ መጨረሻው ቀደደችውና ለእናቷ አቀበለቻት። ደወለችና ስልኩን ወደ ጆሮዋ አደረገች።

«ሄሎ፣ እትዬ? አዎ፣ እኔ ነኝ። ነገ ጧት እገባለሁ።»

ታንጉት ሻሹን ተቀብላ ማሰሯን ቀጠለች።