የፋውስቲኖ የካሳቫ እስር

ፋውስቲኖ በዳንግሪጋ ከተማ፣ ባሕሩ ዳርቻ ላይ ከግንድ ከበሮ ሲፈለፍል አርባ ዓመት አለፈው። የጋሪፉና ሕዝብ አባቶች ወደዚህ በጀልባ የመጡበት ቀን በየዓመቱ ሲከበር፣ ሰዎች ጎህ ሲቀድ በጀልባ ከባሕር እየመጡ ያንን ይደግማሉ፤ ከባሕሩ የሚሰማው የከበሮ ድምፅ ከእሱ እጅ የወጣ ነው። እሱ ግን አሸዋው ላይ ቆሞ ነው የሚሰማው። በአሥራ ስምንት ዓመቱ ሊሳፈር እግሩን ሲያነሳ ጎረቤቱ ኒካሲዮ፣ «ስፔኛው ይቆይ፣ በሚቀጥለው ይመጣል» ብሎ ሰው አሳቀበት። አባቱ ጋሪፉና ነው፤ እናቱ ግን ከሰሜን የመጣች፣ ስፔኛ የምትናገር ሴት ነበረች። ያን ቀን እጁን ይዛ ወደ አሸዋው መለሰችው። እስክትሞት ድረስም በየዓመቱ አጠገቡ ትቆም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ማንም አልጠራውም።

በዘንድሮው በዓል ዋዜማ ሸርሊን የምትባል የሕዝብ ቆጠራ ሠራተኛ ደጁ መጣች።

«አባባ፣ ባለፈው ስመጣ ዓሣ ሊያጠምዱ ወጥተው ነበር። ስለ እርስዎ ጎረቤትዎ ነው የመለሰልኝ። ላጣራ ነው።»

«የትኛው ጎረቤት?»

«ጋሼ ኒካሲዮ።»

ይወጥረው የነበረው የአጋዘን ቆዳ ከእጁ ላላ። «በይ ንገሪኝ! ስፔኛ ብሎ አስጻፈኝ አይደል?»

«ኧረ ቀስ አባባ፣ አይብሉኝ! ይስሙ፤ ፋውስቲኖ አልቫሬስ፣ ዕድሜ ስልሳ ስምንት፣ ብቻውን የሚኖር። ብሔር፣ ጋሪፉና።»

«ድገሚው።»

«ጋሪፉና። እንዲያውም ተቆጣኝ። ‹ይሄ ደግሞ ይጠየቃል? ከበሮውን ማን የሚሠራ መሰለሽ?› አለኝ።»

«አንዴ ደግሞ።»

«አባባ፣ ገና ስንት ቤት ይቀረኛል እኮ!» አለች እየሳቀች። ደገመችለት።

ደስ ሊለው ሲገባ ተናደደ። ለወረቀት የሚባለው ለሰው ለምን አይባልም? ልጅቷ ስትሄድ አጥሩን ዞሮ ኒካሲዮ ደጅ ቆመ።

«ለመንግሥት የነገርከውን ለእኔ ለምን አልነገርከኝም? ሃምሳ ዓመት ስትጠራኝ እጠብቃለሁ!»

ኒካሲዮ ከገመድ አልጋው ቀና አለ። «ወዴት ነው የምጠራህ?»

«ወደ ጀልባዋ ነዋ! ‹በሚቀጥለው› ብለኸኝ!»

«አንተ ሰውዬ፣ ጀልባ ላይ ማን ተጠርቶ ያውቃል? ማታ እንደ አባቶቻችን የካሳቫ ግንድ እስርህን ጀልባዋ ውስጥ ትጥላለህ፣ ጠዋት እስርህ አጠገብ ትቀመጣለህ። እኔንስ ማን ጠራኝ? እኛማ ንቆናል እያልን ስናማህ ነው የኖርነው።»

«አስቀህብኝ ነበር።»

«አሳቅሁብህ እንዴ?» አለ ኒካሲዮ። ከልቡ አላስታወሰም።

ይሄ ከሳቁ ይልቅ አመመው። ሳይሰናበተው ሄደ። አመሻሹ ላይ ግን እናቱ ከጓሮ ከተከለችው ካሳቫ ግንድ ቆረጠ፤ በትርፍራፊ የአጋዘን ጠፍር አሰረና ጀልባዋ ውስጥ አኖረው።

ጎህ ሲቀድ እስከ ጭኑ ውኃ ውስጥ ገብቶ ጀልባዋ ጎን ቆመ። እግሩን ያነሳል፣ ይመልሳል።

«ስፔኛው! ዛሬም ጥሪ እየጠበቅህ ነው?» ብሎ ኒካሲዮ ብብቱን ያዘው። አንድ ሌላ ሰው ደግሞ ከኋላ ገፋው፤ እንደ ጆንያ ተንከባሎ እስሩ ላይ ወደቀ። ተሳቀ። ፋውስቲኖ አልሳቀም፤ ያንን የድሮውንም ይቅር አላለም።

ከበሮው ሲመታ ጀልባዋ ወደ ዳርቻው ዞረች። ሕዝቡ አሸዋው ላይ ይዘፍናል። ፋውስቲኖ ግን የሚያየው ከእናቱ ጋር ይቆምበት የነበረውን፣ ሁለት ሰው የሚያስቆመውን ባዶ ቦታ ብቻ ነበር። የካሳቫውን ግንድ ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ እናቱ እዚያ ቆማ የምታየው ይመስል ከፍ አደረገው።