መሪው ወደ ግራ ይስባል

ቻይነሽ ይሄይስ ባሏን «አንተ» ስትለው ቤቱ ሰላም ነው። «አንቱ» ማለት የጀመረች ዕለት ግን ጎረቤት ሁሉ በሩን ገርበብ አድርጎ ጆሮውን ያቆማል። የቡሬው የቅኔ መምህር የመሪጌታ ይሄይስ ልጅ ናትና እንደ ተራ ሰው ተሳድባ አትንቅም፤ አክብራ ነው የምትንቅ። መምህር ቢሆነኝን ከአንተነት ወደ አንቱነት የሾመችው ደግሞ አንዲት መኪና ናት።

ቢሆነኝ ፍኖተ ሰላም ላይ የእጅ ሥራ አስተማሪ ነው፤ ተማሪዎቹን በርጩማና የልብስ መስቀያ ሲያሠራ ይውላል። በስድሳ ሰባት ዓ.ም. መሬት ላራሹ ሲታወጅ አንድ የባላባት ልጅ አገር ጥሎ ሊሄድ ተጣደፈና ጣሊያን ሠራሽ ስፖርት መኪናውን ለሽያጭ አወጣ። ቁመቷ ከአህያ ያነሰ፣ ጣሪያዋ እንደ ጃንጥላ የሚታጠፍ፣ ከሁለት ሰው በላይ የማትይዝ ነገር ናት። ቢሆነኝ ከአባቱ የወረሳቸውን ሁለት በሬዎች ሸጠና ገዛት። መሪጌታ ይሄይስ ወሬው ቡሬ ሲደርሳቸው ቀና እንኳ ሳይሉ፣ «ሁለት በሬ ሰጥቶ ሁለት በር አመጣ በሉኛ! ከኃምስ ወደ ሳድስ ወረደ። ሳድስ ደግሞ ብቻውን አይሄድም፤ ከኋላ የሚገፋው ይሻል» አሉ ይባላል።

እውነታቸውን ነው። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ መኪናዋ ከተነዳችው የተገፋችው ይበልጣል።

ቢሆነኝ ግን መኪና ያለው ሰው ብቻ አይደለም፤ መኪና የሚያሻሽል ሰው ነው። «ማሻሻል» የምትለዋን ቃል ሲናገር ቅዳሴ ላይ እንደቆመ ሰው ዓይኑን ይጨፍናል። መጀመሪያ የቡሬ መንገድ ሆዷን እንዳይፍቃት ብሎ ከወደቀ የጭነት መኪና ያወጣውን ባሌስትራ ከሥሯ ገጠመላት፤ ያች መሬት ለመሬት የምትሄድ መኪና እግር አወጣችና ድንጋይ ላይ እንደወጣች ፍየል ቆመች። ቀጥሎ አንድ ካርቡራተር አይበቃትም ብሎ ሁለት አደረገላት፤ የወሩን የቤንዚን ኩፖን በአራት ቀን ትጠጣው ጀመር። የጭስ ማውጫዋን፣ ድምፅዋ ይጎርንን ብሎ፣ በመሰርሰሪያ በሳው፤ የጎረቤት ዶሮዎች እንቁላል መጣል አቆሙ። ነጭ የነበረችውን ከቀበሌ መፈክር በተረፈ ቀይ ቀለም በቡሩሽ ቀባት፤ ቀለሙ ሲደርቅ ጎኗ ተልሞ የተተወ ማሳ መሰለ። ለእሷ የቆርቆሮ ዳስ ሲሠራላት ማድቤቱ ሣር ክዳን እንደሆነ ቀረ። በክረምት ቻይነሽ ወጥ ስትሠራ ጣሪያው እድስቱ ውስጥ ያንጠባጥባል፤ መኪናዋ ብርድ ልብስ ለብሳ፣ ደርቃ ታድራለች።

«አንቱ» አለችው አንድ ሐምሌ፣ «እኔስ መቼ ነው የምሻሻል?»

«አንቺ ምን ጎደለሽ?» አላት።

ቅኔ አይገባውም። ሰሙም ግሪስ፣ ወርቁም ግሪስ ነው።

በሰባ ስድስት ዓ.ም. ጥቅምት ላይ መሪው ወደ ግራ መሳብ ጀመረ። የታወቀው አባቷን ሊጠይቁ ወደ ቡሬ ሲሄዱ ነው። ቢሆነኝ መሪውን በሁለት እጁ ወደ ቀኝ ታግሎ ይዞ ሳለ አፍንጫውን ሊጠርግ አንድ እጁን ቢለቅ መኪናዋ መንገዱን ጥላ ከአንድ የጤፍ ማሳ ገባች። ባለማሳው አያ ቸኮለ የሚባሉ አገው ገበሬ ናቸው። ቀስ ብለው መጡ፤ መኪናዋን አንድ ጊዜ ዞሯት፤ ሁለተኛ ዞሯትና፣

«መምህር፣ ይችማ የግራ በሬ ናት። የቀኙን ምነው ሳይገዙ ቀሩ?» አሉ።

ቻይነሽ ነጠላዋን ነከሰች። ቢሆነኝ አልሳቀም።

«መሪው ነው አያ ቸኮለ! መሪው ነው እንዲህ ገደል የሚከተን!»

ሽማግሌው ግራና ቀኝ ገላመጡ። «እኔ ምንም አልሰማሁ፤ ጆሮዬንም ያመኛል» አሉና ለጤፋቸው ካሳ እንኳ ሳይጠይቁ ወደ ከብቶቻቸው ሄዱ።

ቢሆነኝ ከዚያች ቀን ወዲያ እንቅልፍ አጣ። መሪውን ከነሥሩ ቀይሮ፣ እግረ መንገዱንም በእንጨት የተለበጠ የእሽቅድምድም መሪ ሊያስገጥምላት ቆረጠ። አዲስ አበባ ላይ አሮጌ የመኪና ዕቃ ለሚነግደው የአጎቱ ልጅ ለሙጬ ቴሌግራም ጻፈና ለሚስቱ አነበበላት።

«መሪው ወደ ግራ ይስባል። ሕዝብ ሳይጨርስ መቀየር አለበት። አዲስ ላክ።»

ቻይነሽ የያዘችው ወንፊት ከእጇ ሊወድቅ ነበር።

«አንተ ሰው! የመኪናዬ መሪ በልበት እንጂ!»

«ሙጬ መኪና እንዳለኝ ያውቃል። ቴሌግራም በቃል ነው የሚከፈለው፤ ምን አስለፈለፈኝ?»

«ሙጬስ ያውቃል። የሚያነቡት ሌሎችስ?»

«የሰው ቴሌግራም ማን ያነባል?»

ቻይነሽ ይህን ያህል ዓመት አብራው የተኛችውን ሰው አየችውና ዱቄቷን መንፋት ቀጠለች።

«ይላኩት እንግዲያ፣ አንቱ» አለች።

በሦስተኛው ቀን ሁለት የአብዮት ጥበቃ ጓዶች መጥተው ከበርጩማዎቹ መሐል አንሥተው ወሰዱት፤ መኪናዋንም እየገፉ ቀበሌው ደጅ አቆሟት። ቻይነሽ ምሳ ይዛ ስትሮጥ የበሩ ጠባቂ ድምፁን ዝቅ አደረገና፣ «እትዬ፣ ዛሬ ቃሉን ካላስተካከለ ነገ ጠዋት ወደ በላይ አካል ይተላለፋል» አላት። ወደ በላይ አካል መተላለፍ ምን ማለት እንደሆነ ከተማው ያውቃል። አምና የተላለፉት የሦስት ሰዎች ሚስቶች ጥቁር ይልበሱ ነጭ ይልበሱ የሚነግራቸው አጥተው እስከ ዛሬ አሉ።

የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ እጅጉ አሥራ አንድ ዓመት የጨው መኪና ረዳት ሆኖ ጎማ ሲቀይር የኖረ ሰው ነው። ሾፌሩ አንድ ቀን እንኳ መሪ አላስጨበጠውም፤ አብዮቱ ግን ቀበሌ አስጨበጠው። አሁን የቢሆነኝን የመኪና ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ ተቀምጧል። ከጎኑ ጸሐፊው ክንዱ ብዕሩን ደግኗል። ቻይነሽን ለምስክር ብለው አስገቧት።

«መሪው ማነው?» አለ ጓድ እጅጉ።

«ማነው አይባልም ጓድ ሊቀመንበር፤ ምንድነው ነው የሚባለው» አለ ቢሆነኝ በአስተማሪ ድምፅ።

«መሪን ምንድነው ትላለህ?»

«ክብ ነው።»

የክንዱ ብዕር ቆመ።

«ውስጡ ባዶ ነው፤ ዳር ዳሩ ብቻ ነው በቆዳ የተለበጠው። ከታች ያለው ጥርሱ አልቋል። ነፋስ ሲመታው ሁሉ ይንቀጠቀጣል። እስከ ዛሬም ግሪስ እየቀባሁ ነው ያቆየሁት!»

«እሺ፣ ወደ ግራ መሳብስ? ወደ ግራ መሳብ ጥፋት ነው?»

«ጥፋት ነው እንጂ! ቀጥ ባለ መንገድ ወደ ግራ የሚስብ መሪ ሰው ይጨርሳል!»

«ወደ ቀኝ እንዲስብ ነው የምትሻው?»

«ወደ ቀኝም ወደ ግራም አይደለም። መሐል ለመሐል!»

«መሐል ሰፋሪ!» አለ ጓድ እጅጉ ጠረጴዛውን መትቶ። «ክንዱ፣ ጻፍ!»

ክንዱ ግንባሩን ጠረገ። «ጓድ ሊቀመንበር… ይኼን ሁሉ በእኔ የእጅ ጽሑፍ ነው የምጽፈው?»

ቻይነሽ ባሏን አየችው። ክሱን ማስተባበሉን ትቶ፣ መሪው እንዴት እንደተበላሸ ሲያስረዳ የሚያዳምጠው ሰው በማግኘቱ ፊቱ ወዝቷል። እንዲህ ያለ ሰው አንገቱ ላይ ገመድ ቢገባ ገመዱን «ይህ እንኳ በደንብ አልተገመደም» ይላል። የሱን ነገር ተወችና ሊቀመንበሩን አየችው። ዓይኑ ቁልፉን ይልሳል። ጡት ያስጣሉት ልጅ ጡት እንዳየ ነው።

«ጓድ ሊቀመንበር» አለች እጇን አጣምራ።

«ጓዲት፣ ሙሉ ስምሽን።»

«ቻይነሽ ይሄይስ። የመሪጌታ ይሄይስ ልጅ።»

«እናንተ ቤት መሪ የሌለበት ስም የለም እንዴ?»

«የለም ጌታዬ። ለመሆኑ ይህን ያህል ከሚደክሙ መኪናዋ ደጅ ናት፤ ቁልፉም ከእጅዎ ነው። እርስዎን የመሰለ መኪና አዋቂ እያለ በቃል መሟገት ምን ያደርጋል? አንዴ ይዘው ቢያዩት መሪ የተባለው ምን እንደሆነ ይለያል።»

ጓድ እጅጉ ጉሮሮውን ጠረገ። «ለምርመራው ሲባል» አለ፤ ግን ይህን ሲል ከወንበሩ ተነሥቶ ነበር።

«ፍሪሲዮኑን ረግጠው ነው ማርሽ የሚያስገቡት!» አለ ቢሆነኝ ከኋላው። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ፍሪሲዮኑን! ቀስ ብለው!»

ሁለት ጓዶች ገፏት፤ ሞተሩ ጎረነነ፤ በዋናው መንገድ የነበረ ጋሪ ሁሉ ዳር ያዘ። ጓድ እጅጉ ሃያ ክንድ ያህል እንደ ንጉሥ ሄደ። አንድ እጁን አንሥቶ ለሕዝቡ ሰላምታ መስጠቱ ነበር ጥፋቱ። መንገዱ ወደ ቀኝ ለስለስ ብሎ ሲታጠፍ መኪናዋ ወደ ግራ ተሳበች፤ ለበዓል የተተከለውን የባሕር ዛፍ ቅስት አንደኛውን እግር ገጭታ ቦይ ውስጥ በአፍንጫዋ ተተከለች። «ወደፊት!» የሚለው መፈክር ከላይዋ ወደቀባት።

ጓድ እጅጉ ግንባሩ ላይ የሎሚ ያህል አብጦ ተመለሰ። ቅስቱ ስለወደቀ ለአውራጃው ሪፖርት መጻፉ ግድ ሆነ።

«ምን ብዬ ልጻፍ ጓድ ሊቀመንበር?» አለ ክንዱ።

«መሪው ወደ…» አለና አፉ ክፍት እንዳለ ቀረ።

መሪው አበላሸኝ ካለ ያው ቴሌግራሙ ነው፤ የሚፈርምበት ብቻ ተለወጠ። መሪው ደኅና ነበር ካለ ደግሞ ቅስቱን የጣለው እጅጉ ራሱ ሆነ። ቻይነሽ ሲያምጥ በትዕግሥት ጠበቀችው።

«ጻፍ!» አለ በመጨረሻ። «መሪው ጉድለት የለበትም። መንገዱ ነው ወደ ቀኝ የዘመመው።»

«መንገዱ ቀኝ ዘመም ነው?»

«ምን ያስቀሃል? ጻፍ! ባለሙያውም ይፈርምበታል። ፈረመ፣ ነገሩ የመኪና ነው፤ ቴሌግራሙ ይቀደዳል፣ እሱም ወደ ቤቱ። አልፈረመም፣ ነገ ጠዋት ወደ በላይ አካል።»

ወረቀቱን ለቢሆነኝ ገፉለት። አነበበ። ደግሞ አነበበ። ከዚያ ብዕሩን አስቀመጠ።

«አልፈርምም።»

«ምን?»

«ጉድለት የለበትም? ሦስት ጣት ሙሉ እየሳበ ጉድለት የለበትም ብዬ እኔ ልፈርም? ነገ ይህን ወረቀት አንድ መካኒክ ቢያየው ምን ይለኛል? አልፈርምም!»

በዕድሜው አንድ ጊዜ ጀግና ሆነ፤ እሱኑም ለብሎን አባከነው። በሌላ ሰው አፍ ይህ ቃል ይዘፈንለት ነበር። ቻይነሽ ግን ለማን እንደሚሞት ታውቃለች፤ ለእሷ እንዳልሆነም ታውቃለች። ቢሆንም ጥቁር ልልበስ ነጭ ልልበስ እያሉ መክረም ለማንም አይገባም፤ ለዚህ ሰው ደግሞ ጭራሽ አይገባም።

«ይፈርሙ እንጂ አንቱ» አለች።

«አልፈርምም አልኩ! በመኪና አልዋሽም!»

ቻይነሽ ወደ ክንዱ ዞረች። ልጁ የቀበሌ ጸሐፊ ከመሆኑ በፊት አንድ ክረምት አባቷ ዘንድ ቅኔ ሊቆጥር ገብቶ ነበር። አልሆነለትም፤ ግን ጆሮ አለው።

«ክንዱ፣ ያን ሠርዘውና እንዲህ በለው፤ የመሪው ጉድለት የሚነገር አይደለም።»

ክንዱ አንገቱን ወረቀቱ ውስጥ ቀበረ። ትከሻው ይነቃነቃል።

ጓድ እጅጉ ቃሉን እንደ ሥጋ አላመጠው። «የሚነገር… አይደለም። እህ። ለወሬ የሚበቃ አይደለም፣ ኢምንት ነው ማለት ነው። መልካም! ይኼ እንዲያውም የተማረ ሰው አጻጻፍ ነው።»

ቢሆነኝ በበኩሉ ራሱን በሐዘን ነቀነቀ። «እሱስ እውነት ነው። የዚህ መሪ ጉድለት የሚነገር አይደለም! ስንቱን ልንገራችሁ?» አለና ፈረመ። ጓድ እጅጉም ከሥሩ ፈረመ፤ ማኅተሙን ሁለት ጊዜ መታበት። ቴሌግራሙ ተቀደደ።

በሩ ላይ ቻይነሽ አንድ ቃል ጠበቀች። ተመስገን ይሁን፣ እግዜር ይስጥሽ ይሁን፣ ወይም ምሳ አለ ወይ ይሁን፣ ለሷ ሁሉም ይበቃት ነበር። ቢሆነኝ ግን በአጠገቧ ሽው ብሎ አልፎ ወደ ቦዩ ሮጠ። ተንበርክኮ ከመኪናዋ ሥር አንገቱን አስገባ። እሷም ወደ ቤቷ መንገድ ጀመረች።

ሃምሳ እርምጃ ሳትሄድ የባሏ ድምፅ ዋናውን መንገድ ሞላው።

«ኧረ ሰዎች! መሪው አለቀለት! ኑና ተባብረን እንገልብጠው!»

ሽንኩርት ሻጮች ሽንኩርታቸውን በቁናው ትተው ወደ ጉራንጉሩ ገቡ። ባለጋሪዎች ፈረሶቻቸውን ገረፉ። ልብስ ሰፊው ሱሪ ከመርፌው ሳይለቅ መዝጊያውን ጣለ። የቀበሌው መስኮት ተከፈተ፤ ግንባሩ ያበጠ ሰው ብቅ አለ፤ አዳመጠ፤ ከዚያ ምንም እንዳልሰማ መስኮቱን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

«ምነው ሰው የለም?» ይላል ቢሆነኝ ከሥር። «ቻይነሽ! አንቺም ነይና ግፊ እንጂ!»

ቻይነሽ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳብ አደረገች፤ ያገር ልጅ እንዳልሆነች እንግዳ ሴት መንገድ መንገዷን እያየች አለፈች።