የጋሽ ብሎን ማክሰኞዎች

አራተኛዋ ሴት ሕፃን ታቅፋ ስትገባ ለቀስተኛው ሁሉ ሻይ መጠጣቱን ተወ።

ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። በሩ ላይ ቆም ብላ ቤቱን ቃኘች። መደርደሪያው ላይ የቆመውን የሟቹን ፎቶግራፍ ስታይ ግን አባት እንደሞተባት ልጅ ተንሰቀሰቀች። ከተቀመጠው ሰው አንድም የሚያውቃት አልነበረም። የሟቹ ሚስት ሴቲቱንም ሕፃኗንም በየተራ አየቻቸውና ወገቤን አመመኝ ብላ ወደ መኝታ ክፍል ገባች።

የሟቹ ልጅ፣ መምህርቷ፣ የሻይ ትሪ እንደያዘች ቀረች። አክስቷ፣ የእናቷ ታናሽ፣ ጆሮዋ ሥር ተጠጋች።

«አራት ሆኑ» አለቻት።

«ምኑ?»

«ሂሳብ አስተማሪ አይደለሽም እንዴ?»

ከቀብሩ ሦስተኛ ቀን ነበር። በቀን አንድም ሁለትም ጊዜ ማንም የማያውቃት ሴት ሕፃን ይዛ ትመጣለች፣ ታለቅሳለች፣ ጥቂት ተቀምጣ ትሄዳለች። ሰው በሹክሹክታ ያወራል፤ መምህርቷ ስትጠጋ ወሬው ወደ አየሩ ሁኔታ ይዞራል።

ሰፈሩ አባቷን ጋሽ ብሎን ነበር የሚለው። አርባ ዓመት የከባድ መኪና መካኒክ ሆኖ ሲሠራ ኪሱ ከብሎን ተለይቶ አያውቅም፤ በተቀመጠበት ወንበር ሁሉ አንድ ሁለት ጥሎ ይነሳል። ለመምህርቷ በልጅነቷ አባት ማለት ከመኪና ሆድ ሥር የወጡ ሁለት እግሮች ነበሩ። ምሳ ስታደርስለት «አስቀምጪው» የሚል ድምፅ ከታች ይመጣል፤ እግሮቹ ግን አይነቃነቁም። አቅፏት አያውቅም። ክፉ ሆኖ አይደለም። ሮጣ ልትጠመጠምበት ስትል እጆቹን ወደ ኋላ ደብቆ «ቅባት ነኝ፣ ቅባት ነኝ» ይላታል። በበዓል ቀን፣ ታጥቦ ለብሶም ቢሆን፣ ያው ነው።

ጡረታ በወጣ በዓመቱ አዲስ ነገር መጣ። ማክሰኞና አርብ ከቁርስ በኋላ መጥፋት ጀመረ። የት እንደሚሄድ ሲጠየቅ የምጠግነው ነገር አለ ይላል። ይህስ ባልከፋ፤ ጥፍሩን መሞረድ አመጣ። አርባ ዓመት ከጥፍሩ ሥር ያልወጣው ጥቁር ቅባት በብሩሽና በሳሙና ለቀቀ። እናቷ አይታ እንዳላየች አለፈች። አክስቷ ግን፣ ጥፍሩን የሚሞርድ ሽማግሌ ምን እንደሚፈልግ ለእኔ አይነገረኝም ብላ ነበር። እንዲህ ሆኖ ሦስት ዓመት አለፈ። ባለፈው ሰኞ ልቡ ድንገት ቀጥ አለችና ምስጢሩን ይዞት ሄደ።

መምህርቷ ትሪውን አስቀመጠች። አባቷ ሌላ ቤት ነበረው ወይስ አልነበረውም የሚለው ነገር ከሐዘኑ እኩል ይበላት ነበር፤ በዚያው ደግሞ ታፍራለች። ወጣቷ ልትሄድ ስትነሳ ተከትላት ወጣችና የግቢው በር ላይ ደረሰችባት። ልጅቷ የማን ናት ብላ ጠየቀቻት።

ወጣቷ ነገሩ ወዲያው ገባት። አልተቆጣችም፤ እንባዋን ሳትጠርግ ፈገግ አለች።

«የኔ ናት። አባቷ ገና ሳትወለድ ጥሎን ሄደ። ስትወለድ አንገቷ ወደ አንድ በኩል ዘሞ ነበር። አባባ ናቸው በእጃቸው ያቀኑልኝ።»

ቀስ በቀስ ነገሩ ወጣ። ከገበያው ጀርባ አንድ የማኅበረሰብ ክሊኒክ አለ። ማክሰኞና አርብ ደጋፊ የሌላቸው እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ይሰበሰባሉ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ የእናቶቹን ወገብና ትከሻ ታሻለች፣ የሕፃናቱን አንገትና እግር ታፍታታለች። እናት አልጋው ላይ በተኛችበት ሰዓት ልጇን የሚይዙላት አባባ ነበሩ።

መምህርቷ መኝታ ክፍል ገብታ የሰማችውን ለእናቷ ነገረቻት። እናቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳዞረች አዳመጠች። ከዚያ፣ ነገ አርብ ነው አይደል ብላ ጠየቀች።

በማግስቱ ጠዋት ሁለቱ ሄዱ። አክስቷም አብሬ ካልሄድኩ ብላ ነበር፤ ለቀስተኛ የሚቀበል ያስፈልጋል ተብላ እያጉረመረመች ቀረች።

ክሊኒኩ አንድ ሰፊ ክፍል ነው፤ ሁለት አልጋ፣ ወለሉ ላይ ፍራሽ፣ ጥግ ላይ የእጅ መታጠቢያ። አንዲት እናት በሆዷ ተኝታ ታንኮራፋለች። ባለሙያዋ፣ እጅጌዋን እስከ ክርኗ የሰበሰበች ጎልማሳ ሴት፣ ጥቁር ልብሳቸውን አይታ ማን እንደሆኑ አወቀች። አስቀመጠቻቸውና ሳትጠየቅ ጀመረች።

ጋሽ ብሎን መጀመሪያ የመጣው የአልጋ እግር ሊጠግን ነበር። ያን ዕለት አንዲት እናት ራሷን ስታ ወደቀች፤ ባለሙያዋ ሕፃኑን አንስታ አጠገቧ ለነበረው ሰው ዘረጋች። ሰውየው እንደሚፈተሽ ሌባ ሁለት እጁን ወደ ላይ ሰቀለ። ግርግሩ ሲያልፍ ውኃ የት ነው አለ፤ ግማሽ ሳሙና ጨርሶ ተመለሰና አስተምሪኝ አላት። ለካ ጥሩ እጅ ነበረው። የሕፃን አንገት ሲይዝ እንደ ሞተር ጆሮውን ያስጠጋል። የዛገ ብሎን ያስቸኮሉት እንደሆነ ይሰበራል እያለ እናቶቹን ያስቃቸዋል።

«ታዲያ ለምን ደበቀን?» አለች መምህርቷ።

ባለሙያዋ የመምህርቷን እናት አየቻትና አመነታች።

«ከአንቺ በፊት ወንድ ልጅ ነበራቸው። ሃያ ቀን ነው የኖረው። አንድም ቀን ሳላቅፈው ቀረሁ አሉኝ። እዚህ መምጣትዎን ለባለቤትዎ ይንገሯቸው ስላቸው፣ የረሳችውን ለምን አስታውሳታለሁ አሉ።»

መምህርቷ ወንድም እንደነበራት አታውቅም ነበር። ወደ እናቷ ዞረች።

«በዚህ እጅህ እንዳትነካው ያልኩት እኔ ነኝ» አለች እናቷ። «ቆሻሻው ያሳምምብኛል ብዬ ፈርቼ። አንቺ ስትወለጂ ማንም ሳይከለክለው እጁን ይደብቅ ጀመር። እኔም ተው አላልኩትም። ልጁን አልረሳሁትም እኮ።»

መምህርቷ የእናቷን ጉልበት ያዘች።

በሩ ተከፈተና አንዲት ቀጭን ሴት ጨቅላ ታቅፋ ገባች። ልጁን ገልጣ ለምርመራ ካሳየች በኋላ ወደ ባዶው አልጋ ሄደች፤ ከመተኛቷ በፊት ግን የሚቀበላት ሰው ፈልጋ ዘወር ዘወር አለች። ባለሙያዋ እጇ ዘይት ነክቷል። የመምህርቷ እናት ከወንበሩ ሳትነሳ ሁለት እጇን ዘረጋች።

ጨቅላው ጥቂት ተነጫነጨ፣ ከዚያ ደረቷ ላይ ዝም አለ። ባዶ እግሮቹ ቀዝቅዘው ነበር። በአንድ እጇ ደግፋው፣ በሌላው ጥቁር ሻርፗን ከራሷ ላይ ፈታች፤ ሁለት ቦታ አጠፈችና እግሮቹን ሸፈነችበት።