የሲላስ አደራ

በለጥሽ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ደቡብ አፍሪካ፣ ዳቬይተን ሰፈር ያለውን ስፓዛ፣ ትንሹን ሱቋን፣ ከፈተች። ባሏ ዱካሞ ዳቦውን ከመኪና ተቀብሎ ደረደረ። እሷ ወተት ለሚጠይቅ ወተት፣ ሳሙና ለሚጠይቅ ሳሙና በብረት ፍርግርጉ ቀዳዳ አቀበለች። ሐሙስ ነበር።

ረፋዱ ላይ ሰፈሩ ሁሉ ጎጎ፣ አያቴ፣ የሚላት አሮጊት መጣች።

«አራት ሻማ ስጪኝ።»

«መብራት ጠፋ እንዴ ጎጎ?»

«ለለቅሶ ነው። የልጅ ልጄ ያንን ሄሮይን ያለበትን ኒያዎፔ አጭሶ አልነቃም።»

በለጥሽ ሻማውን ሰጠቻት፤ ዋጋውን አልጠየቀችም። አሮጊቷ ግን አልሄደችም። በፍርግርጉ አሻግራ ወደ ውስጥ አየች።

«ሕጉ ጠብቋል ይላሉ። የሸጠም ያስቀመጠም ዕድሜ ልክ ነው አሉ። ማን እንደሚሸጠው እናውቃለን። የት እንደሚያስቀምጠው ነው የጠፋን።»

ስትሄድ በለጥሽ ወደ ጓዳ ገባች። አልጋው ሥር የሲላስ ሻንጣ ነበር። ሲላስ የዱካሞ ሚዜ ነው። ቆልፎ «እስክመለስ አደራ» ብሎ ከሄደ ሦስት ሳምንቱ ነው፤ ስልኩንም አያነሳም።

«ዱካሞ፣ ያን ሻንጣ እንክፈተው።»

«የሰው አደራ?»

«የሰው አደራ ከእኔ አልጋ ሥር ከአንተ የበለጠ ተኝቷል።»

ዱካሞ ሳቀ። «ልብስ ነው እኮ።»

«ልብስ ከሆነ ብናየው ምን ይሆናል?»

«ከፍቼውስ ሲላስን በምን ዓይኔ አየዋለሁ? አደራ በላ ልባል? እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይመጣል ብለውኛል፤ በእጁ እሰጠዋለሁ።»

«እሑድ ሩቅ ነው።»

ቢላዋ አንስታ ጎንበስ አለች። ዱካሞ ቢላዋውን ቀስ አድርጎ ከእጇ ወሰደና ለደንበኛ ግማሽ ዳቦ ቆረጠበት።

ፖሊሶቹ ዓርብ ከቀትር በኋላ መጡ። መደርደሪያውን አልነኩም፤ በቀጥታ ወደ ጓዳ አለፉ። ቁልፉን ሰበሩት። ከሁለት ጃኬት ሥር በላስቲክ የተቋጠሩ ትናንሽ ጥቅሎች ወጡ፤ ብዙ ነበሩ።

«የማን ነው?» አለ መርማሪው።

ዱካሞ ፊቱ አመድ መሰለ። ሆኖም በአገሩ አደራ የተቀበለ ሰው እንደሚመልሰው መለሰ፦ «በእኔ እጅ ያለ ነው። ተጠያቂው እኔ ነኝ።»

«ያስቀመጠው ሲላስ የሚባል ሰው ነው፤ ባሌ አላየውም እንኳ» አለች በለጥሽ። መርማሪው ግን የዱካሞን ቃል ጽፎ ጨርሶ ነበር፤ በካቴና አስሮ ወሰደው።

ሲላስ እሑድ ቤተ ክርስቲያን አልመጣም። ከዚያ ወዲህም ያየው የለም። ለዱካሞ የቆመለት ጠበቃ ያለ ሲላስ ቃል ብዙ ተስፋ እንደሌለ ለበለጥሽ ነግሯታል።

ዱካሞ ቤቱ የለም።