ደወል የበላው ጆሮ

ሞሊዜ በሚባል አውራጃ፣ በአንዲት የተራራ ከተማ፣ ደወል የሚሠሩ ሰዎች ዕድሜያቸው ሲገፋ ጆሯቸው ይከዳቸዋል፤ ማንም አይገረምበትም። «ደወል በላው» ይባልና ሰውዬው ከነሐስ ማቅለጫው ቤት ደጃፍ ባለችው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። ሐኪም ዘንድ የሚሄድ የለም። ሽበቱን የሚያሳክም አለ?

ኢዞሊናን ግን ገና ጠጉሯ ሳይሸብት አስቀመጧት። ታናሽ ወንድሟ ዶናቶ የማቅለጫው ቤት ጌታ ቢሆንም እሷ ድምፁን ሰምታ ያልፈረደችለትን ደወል ከደጅ አስወጥቶ አያውቅም ነበር። አሁን ፍርዱን ለልጁ ለኤርሚንዮ ሰጠው። መዶሻ በሚጮህበት ቤት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲያወሩ ትሰማለች፤ ጸጥ ባለ ማዕድ ላይ ግን «ጨው አቀብይኝ» ስትባል ዝም ትላለች። «የሚስማማትን ነው የምትሰማው» እያሉ ያሟታል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእሷስ ጭራሽ ጠላት ሆኖባት ነበር።

አርፋ የምትቀመጥ ሴት አልነበረችም። ማንንም ሳታማክር በፖስታ ጋሪ ወደ ካምፖባሶ ከተማ ወርዳ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ገባች።

ሐኪሙ ከመሳቢያው ያወጣውን ስታይ ሳቋ አመለጣት። ሲመቱት የሚዘምር ባለ ሁለት ጣት የብረት ሹካ ነው፤ እነሱም የደወል ድምፅ የሚያመሳክሩት በዚሁ ነው።

«ይሄንንስ እኔ ላስተምርዎ!» አለችው።

ሐኪሙ ሹካውን ጉልበቱ ላይ መትቶ ጆሮዋ አጠገብ ያዘው። የሰማችው ነገር የለም። እንደገና መታና የሹካውን እግር ከጆሮዋ ጀርባ ካለው አጥንት ላይ ተከለው። ጥርት ያለ ድምፅ ራሷን ሞላው፤ በልጅነቷ ትሰማው የነበረው ድምፅ። ኢዞሊና ወንበሩን ጨብጣ አለቀሰች።

ሐኪሙ ወረቀት ላይ እየሣለ፣ ጮክ ብሎ አስረዳት። ከጆሮ ታምቡር ጀርባ ሦስት ኢምንት አጥንቶች አሉ፤ መዶሻ፣ መስፍና እርካብ ይባላሉ። ድምፅ ታምቡሩን ሲመታ አንዱ አንዱን ይነቀንቃል፤ መጨረሻ ላይ እርካቡ እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለች፣ ፈሳሽ የሞላባት ክፍል በር ይገፋል። የምንሰማው በእሷ ነው።

«የእርስዎ እርካብ በሩ ላይ ተጣብቋል፤ አጥንት በቅሎበታል» አላት። «ደወል ያመጣው አይደለም፣ በዘር የሚወርድ ነው። ቀንድ አውጣዋ ደህና ናት። በበሩ መግባት ቢከለከል እንኳ ድምፅ በግድግዳው ይገባል፤ በአጥንት።»

«አባቴም አይሰማም ነበር።»

«እንግዲያው የእሳቸውም ይኸው ይሆናል።»

ወደ ቤቷ ስትመለስ መንገዱን ሁሉ አባቷን እያሰበች ነበር።

ስትደርስ አዲሱ ደወል በማቅለጫው ቤት ከወፍራም ግንድ ላይ ተሰቅሏል። ሊወስዱት የመጡት ቄስ፣ አባ ሉቺዮ፣ የበቅሎ ጋሪያቸውን ደጅ አቁመዋል። ኤርሚንዮ ደወሉን መታና «ማር ነው!» አለ። ዶናቶም ተስማማ።

ኢዞሊና ሰው ገፍታ ገባች። ከጠረጴዛው የመዶሻ እጀታ አንስታ አንዱን ጫፍ በጥርሷ ነከሰች፤ ሌላውን የደወሉ ከንፈር ላይ አስደገፈች። ሠራተኞቹ ተንጫጩ።

«ጆሮዋን በላ፣ አሁን ደግሞ እሷ ልትበላው ነው!» አለ አንዱ።

ዶናቶ ፊቱ ቀላ። «እትዬ፣ በማርያም! ሰው ፊት አታዋርጂን» ብሎ ክንዷን ያዘ። መንጭቃ አስለቀቀችውና ኤርሚንዮን በእጇ «ምታ!» አለችው።

መታ። እጀታው ጥርሷን ነዘረው። ደወል አንድ ድምፅ ብቻ አይወጣውም፤ ዋናውን የሚያጅቡ ሌሎች አሉት። ከአጃቢዎቹ ሦስተኛ የሚሉት ከሚገባው ዝቅ ብሏል።

እጀታውን ከአፏ አወጣች። «ሦስተኛው ወድቋል። ይሄ ደወል ከዚህ ደጅ አይወጣም!»

«ምን ሰምተሽ ነው አክስቴ?» አለ ኤርሚንዮ ጆሮዋ ላይ እየጮኸ።

«አንተ ያልሰማኸውን!»

ለሦስተኛው ድምፅ የተሠራውን ሹካ ከሳጥኑ አውጥታ መታችና እግሩን ደወሉ ላይ አቆመች። ድምፃቸው ከገጠመ ደወሉ ማንም ሳይመታው አብሮ ይዘምራል፤ እዚያ ቤት ይህን የማያውቅ የለም። ደወሉ ዝም አለ። ደግማ ሞከረች፤ አሁንም ዝም። አባ ሉቺዮ ወደ ደጅ ዞረው ጋሪ ነጂውን «በቅሎዎቹን ፍታቸው፣ ዛሬ አንሄድም» አሉት።

«እንዴት ሰማሽው?» አለ ዶናቶ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ፣ ጮክ አድርጎ።

«አባዬ ይሰማበት በነበረው መንገድ።»

ዶናቶ አሁን ገባው። አባታቸው አግዳሚዋ ላይ በተቀመጠባቸው ዓመታት፣ አዲስ ደወል በተሰቀለ ቁጥር እየተነሳ ሄዶ ጥርሱን ነሐሱ ላይ ያሳርፍ ነበር። ጃጀ ተባለ። እንደ ሕፃን እያባበለ ወደ አግዳሚዋ የሚመልሰው ዶናቶ ራሱ ነበር።

«እየሳመው መስሎኝ...»

«እየሰማ ነበር!» ሹካውን ሳጥኑ ውስጥ ወረወረችው። «ሥራውን እየሠራ ነበር፣ እኛ ለሀጩን ጠርገን አስቀመጥነው!»

ደወሉ ተሰብሮ እንደገና ሊቀልጥ እቶኑ ተለኮሰ። ኢዞሊና ወደ ደጃፉ ወጣችና አግዳሚዋን በአንድ ጫፍ ይዛ ትጎትት ጀመር። ከሠራተኞቹ ሊያግዛት የደፈረ አልነበረም። ጥቂት ቆይቶ ዶናቶ መጣና ሌላኛውን ጫፍ አነሳ።

«እኔስ ሳረጅ ምን ላይ ልቀመጥ ነው?» አላት እቶኑ አፍ ላይ ሲደርሱ።

«ትቆማለሃ!» አለችው፤ አግዳሚዋንም ወደ እቶኑ ወረወሯት።