የአባዬ ሳምንት

"አልለቅም። እኔም ግማሹን ዓመት አሳድሬያቸዋለሁ" አለ ክሌይተን፣ ከግብር መሥሪያ ቤት የመጣለትን ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ እየጣለ። ደብዳቤው ከመታጠፍ ብዛት መሃሉ ሊቀደድ ደርሷል።

ሚስ ጂኒቫ መነጽራቸውን ከግንባራቸው ወደ አፍንጫቸው አወረዱ። አርባ ዓመት የሰው ሒሳብ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ የከተማው ቤተ መጻሕፍት ጥግ ላይ ተቀምጠው ግብር የከበደውን ሁሉ በነጻ ይረዳሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክሌይተንና ሻነን ከተፋቱ ሦስት ዓመታቸው ነው። የአሥር ዓመቷን ኢዲንና የስድስት ዓመቱን ታከርን ፍርድ ቤት አንድ ሳምንት ለእሱ፣ አንድ ሳምንት ለእሷ ብሎ አካፍሏቸዋል። ግብር ላይ ግን ልጅ ለሁለት አይቆረስም፤ በአንድ ዓመት አንዱ ወላጅ ነው የሚያስመዘግበው፤ ላስመዘገበውም መንግሥት ብር ይመልስለታል። ክሌይተን የሚሠራበት የጎማ መጋዘን ውስጥ ያሉት ወንዶች ደግሞ "የቀደመ ይወስዳል" ይላሉ። እሱም ጃንዋሪ ላይ የግብር ማመልከቻ ማስገባት በተጀመረበት ጠዋት፣ ቡናውን እንኳ ሳይጨርስ፣ ሁለቱንም ልጆች በስልኩ በራሱ ስም አስገባ። ስድስት ሺህ ዶላር ገደማ ተመለሰለት። የፒክአፑን ካምቢዮ አስቀየረበት።

የሻነን ማመልከቻ "ልጆቹ በሌላ ሰው ተመዝግበዋል" ተብሎ ተመለሰባት። በዚያ ብር ቤት ልትከራይ ነበር። እስከ ዛሬ የእህቷ ቤት የኋላ ክፍል ውስጥ ናት። እሷም አልተኛችም፤ በወረቀት ሞልታ በፖስታ ላከች። ይኸው በኦክቶበር ለሁለቱም አንድ ዓይነት ደብዳቤ ደረሳቸው፤ ከሁለት አንዳችሁ አርሙ፣ አለዚያ ሁለታችሁም ማስረጃ ታቀርባላችሁ የሚል።

"መቅደም ምንም አያመጣልህም፣ ልጄ" አሉ ሚስ ጂኒቫ። "የሚጠይቁህ አንድ ነገር ነው። ልጆቹ የት አደሩ?"

"የፍርድ ቤቱ ወረቀት ግማሽ ግማሽ ይላል።"

"ወረቀቱ የት እንዳደረ አልጠየቅኩህም።"

ኢዲ ከጎኑ ሆና ሳቀች። ክሌይተን ገላመጣት።

"አንቺ ወንድምሽን ጠብቂ አላልኩሽም?"

"የዳይኖሰር መጽሐፍ ይዟል፣ አባዬ። ቤቱ ቢቃጠል እንኳ አይነሳም።"

ሚስ ጂኒቫ ፈገግታቸውን ዋጥ አድርገው ቀጠሉ። "ሌሊቱ እኩል ከመጣ ገቢው የሚበልጠው ይወስዳል። ያለፈው ዓመት ደግሞ ሦስት መቶ ስድሳ ስድስት ቀን ነበረው፤ እኩል ለሁለት ይከፈላል።"

"ገቢዬ ይበልጣል።"

"እንግዲያው ሌሊቶቹን አሳየኝ። ከትምህርት ቤት የወጣ ወረቀት ያምናሉ።"

ጠዋት ከእናቷ ቤት ሲወስዳት "ከትምህርት ቤት የተሰጠሽን ሁሉ አምጪ" ብሏት ነበርና፣ ኢዲ ሰማያዊውን ማኅደር ከቦርሳዋ አወጣች። ያለፈው ዓመት የንባብ ወረቀቶቿ ናቸው። በየማታው ሃያ ደቂቃ ታነብባለች፤ ያደረችበት ቤት ያለው ወላጅ ይፈርማል፤ አንድ ወር ሙሉ የሞላ ልጅ ፒዛ ይሸለማል።

ሚስ ጂኒቫ ጣታቸውን እየላሱ ገለጡ። አንድ ሳምንት ሻነን፣ አንድ ሳምንት ክሌይተን። አንድ ሳምንት ሻነን፣ አንድ ሳምንት ክሌይተን። አንድም ቀን አልተዘለለም።

"ይሄማ ጥሩ ነው" አሉ ተገርመው። "ቁጭ በል፣ ግልባጭ ማንሻው ይሙቅልኝ" ብለው ተነሡ።

ክሌይተን ደረቱን ነፍቶ ወረቀቶቹን ወደራሱ ሳበ። ዓይኑ ኖቬምበር አሥራ አራት ላይ አረፈ። አርባ ዓመት የሞላበት ቀን ነው። የዚያን ማታ ከመጋዘን ጓደኞቹ ጋር ሜምፊስ ከተማ ነበር። ለሻነን "ተጨማሪ ሥራ ወጣብኝ፣ ልጆቹ ሳምንቱን አንቺ ጋ ይቆዩ" ብሎ መልእክት ልኮላታል። ወረቀቱ ላይ ግን ስሙ ተፈርሟል፤ የመጀመሪያው ፊደል ሆዱ ተነፍቶ፣ የቀረው ተጠንቅቆ ተስተካክሎ።

ገለጠ። አጋዘን አደን የሄደበት ሳምንት። ፊርማ። እውነትም ተጨማሪ ሥራ የወጣበት ሳምንት። ፊርማ። ደክሞኛል ብሎ የተኛበት። ፊርማ። የራሱ እጅ ያረፈባቸው ቅባት ነክቷቸዋል፤ ያስታውቃሉ። ቅባት የሌለባቸውን የራሱን ሳምንታት ቆጠረ። አሥራ አንድ።

"ይሄን ማን ፈረመው?" አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"አንተ።"

"ኢዲ።"

"እሺ፣ እኔ። ካልሞላ ፒዛ የለማ።"

"የእናትሽን ስም ለምን አልጻፍሽም? እሷ ጋ ነበራችሁ እኮ።"

ኢዲ የማኅደሩን ላስቲክ ጎትታ ለቀቀችው። "ያንተ ሳምንት ነበር። ስለዚህ ያንተን ስም ጻፍኩ።"

"እናትሽ አላየችም?"

"አይታለች። የፊደሉን ሆድ አታሳብጪ ነው ያለችኝ።"

ሻነን ይህን ሁሉ እያየች አንድ ቀን አልተናገረችም። እሱ ደግሞ በዚህ ወረቀት ይረታታል። ማንም አይጠይቀውም፤ የኢዲ እጅ መሆኑን የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው።

ሚስ ጂኒቫ ተመልሰው እጃቸውን ዘረጉ። "አምጣ፣ ላንሳው።"

"ተዉት።"

"እኩል ነው እኮ።"

"እኩል አይደለም። የኔ ከመቶ ሠላሳም አይሞላ።" ወረቀቶቹን ሰብስቦ ለኢዲ መለሰላት። "የማረሚያውን ቅጽ ይስጡኝ።"

"ስድስቱን ሺህ ትመልሳለህ። ከነወለዱ።"

"በየወሩ ይሆናል?"

"ይሆናል።"

ቅጹን ሞልተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉለት። ቢቆጡት ይሻለው ነበር። የሚፈርምበትን ቦታ በጣታቸው አሳዩት፤ ፈረመ።

ፒክአፑ ጋ ሲደርሱ ለሻነን ደወለ።

"አርሜዋለሁ" አላት። "ልጆቹ ባንቺ ስም ይሁኑ። ብሩ ሲመጣልሽ ያንን ቤት…"

"ማርች ላይ ሰው ገባበት፣ ክሌይ።"

"ሌላ አይጠፋም።"

"አይጠፋም" አለች። "ለማንኛውም እሺ። ታከር ሹራቡን ይልበስ" ብላ ዘጋች።

ታከር ከኋላ ዳይኖሰሩን አቅፎ ተቀምጧል። ኢዲ የዚህን ወር የንባብ ወረቀት ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ብዕር ይዛለች።

"የትናንቱ ባዶ ነው" አለች። "ያንተ ሳምንት የጀመረው ትናንት ነው። ልጻፍልህ?"

"ትናንት የት አደርሽ?"

"እናቴ ጋ። አንተ ሥራ አለኝ ብለህ።"

"እንግዲያው እሷ ትፈርም።"

"የዛሬውስ?"

ዛሬም አሥር ሰዓት ላይ ሥራ ይገባል። ቅዳሜ ክፍያው እጥፍ ነው፤ ከእንግዲህ ደግሞ የእያንዳንዷ ሰዓት ብር ታስፈልገዋለች። ስልኩን አውጥቶ ለአለቃው "ዛሬ አልመጣም" ብሎ ጻፈ። ምክንያት አልጨመረበትም።

"ስታነቢ አጠገብሽ ሆኜ እፈርማለሁ" አላት።

"ሃያ ደቂቃ ሙሉ?"

"ሃያ ደቂቃ ሙሉ።"

ኢዲ ያላመነች መስላ አየችው። ክሌይተን ብዕሩን ከእጇ ወስዶ በራሱ ሸሚዝ ኪስ ሰካውና ሞተሩን አስነሳ።