አየር ነበረበት

ባለአራት ጎማዋ ሞተር ወደ ጋራዡ የተመለሰችው በትራክተር ገመድ ታስራ፣ እንደ እምቢተኛ ጥጃ እየተጎተተች ነበር። ጎማዎቿ ወፋፍራም ናቸው፤ መንገድ የሌለበትን ዳገት እንድትወጣ የተሠራች ናት። እንዲህ ያለችው በገመድ ስትጎተት መታየቷ ለባለቤቷም ለጠገናትም ውርደት ነው። ባለቤቷ የጤና ጣቢያው አዋላጅ ስትሆን፣ ትራክተሩ ላይ ከነጂው ጎን ተቀምጣ መጣች። ቀኝ እጇ ከጣቶቿ እስከ ክርኗ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሏል።

የጠገኗት ደግሞ የጋራዡ ባለቤትና የእህቱ ልጅ ናቸው። ልጅቷን ደንበኞቹ «ካቻቢቴ» ይሏታል፤ እንደ ብሎን መፍቻው ቀጭን ስለሆነችና ጫፏ ስለሚወጋ። ጫፏ ማለት ምላሷ ነው። ሞተርን ትምህርት ቤት ገብታ አልተማረችም። አጎቷ ሲፈታ እያየች፣ እሱ ምሳ ሲሄድ እሱ የገጠመውን መልሳ እየፈታች፣ ከተቀዳደደ የጥገና መጽሐፍ ሥዕሉን እየቆጠረች ነው ያወቀችው። ይህንንም ለማያውቅ ሰው ሳትጠየቅ ታሳውቃለች።

«ምን ሆነሽ ነው ሲስተር?» አለ አጎቷ፣ ፋሻውን እያየ።

«ዳገቱ ወገብ ላይ ቀዩ መብራት በራ። ቆምኩ። እንፋሎቱ ከሥር ይወጣል። ላይኛው መንደር ምጥ የያዛት ሴት አለች፤ የመጀመሪያዋ ነው፣ ይጠብቁኛል። ውሃ ልጨምርበት ብዬ ክዳኑን ከፈትኩት።»

«በትኩሱ?» አለች ካቻቢቴ።

«በትኩሱ።»

«እንዴ ሲስተር! አንቺ ምጥ ላይ ያለችውን ሴት ‹ቶሎ በይ፣ ቸኩያለሁ› ትያታለሽ? ሞተርም እንደዚያው ነው፤ እስኪበርድለት ይጠበቃል!»

ትራክተር ነጂው ከት ብሎ ሳቀ። አዋላጇ አልሳቀችም። ለአፍ ዳገት የለውም፤ ካቻቢቴ ይህን የተናገረችው የጋራዡ ለጥ ያለ ሲሚንቶ ላይ ቆማ ነው።

«ሞተሯን እዚያው ትቼ በእግሬ ወጣሁ» አለች አዋላጇ፣ ለአጎትየው ብቻ። «ስደርስ ልጁ ተወልዷል። ጎረቤቷ ናት ያዋለደቻት። ሁለቱም ደህና ናቸው። እኔ አይደለሁም ያዳንኳቸው፤ ዕድላቸው ነው።»

አጎቷ ፊቱ አመድ መሰለ። ከሦስት ሳምንት በፊት የባለአራት ጎማዋን ራዲያተር አውርዶ ያጠበው፣ ውሃውንም የሞላው እሱ ነው። ካቻቢቴ የቀየረችው የተቃጠለውን የማራገቢያ ሞተር ብቻ ነበር።

«አየሩን አውጥቼዋለሁ?» አለ፣ ራሱን እንደሚጠይቅ ሰው። አዲስ ውሃ ሲሞላ ውስጥ አየር ይቀራል፤ ከላይ ባለችው ትንሽ ብሎን በኩል ካልወጣ ውሃውን ያግደዋል፣ ሞተሩም ይፈላል። «ያወጣሁት ይመስለኛል... አላስታውስም።» ካለፈው ዓመት ወዲህ የሚንቀጠቀጥ ቀኝ እጁን ኪሱ ከተተው።

በማግስቱ ጠዋት ካቻቢቴ ሥራ ጀመረች፤ ሞተሩ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። የራዲያተሩን ክዳን ከፈተች፤ የክዳኑ ማሸጊያ ጎማ አልተቀደደም። የጎደለውን ውሃ ሞላች፣ አየሩን አወጣች። የራዲያተሩን ክንፎች በባትሪ መብራት አየች። ጭቃ የለም፤ ንጹሕ ናቸው። ሞተሩን አስነሳችና ክዳኑ ክፍት እንዳለ ውሃውን አፍጥጣ ተመለከተች። አረፋ ቢኖር የቴስታታው ጓርኒሲዮን፣ የሞተሩ ራስ ማሸጊያ፣ ተቃጥሏል ማለት ነበር። አረፋ የለም፤ ክዳኑን መለሰች። ላይኛውን የውሃ ቱቦ ጨበጠች፤ ሞቀ። ጥቂት ቆይታ ታችኛውን ጨበጠች፤ እሱም ሞቀ። እንግዲያው ውሃው ይዞራል፣ ውሃውን የሚያሳልፈው ቴርሞስታትም ይከፈታል። ማራገቢያውም ሰዓቱን ጠብቆ ድንገት «ብርርር» ብሎ ተነሳ።

ሁሉም ደህና ነው። የሙቀት መለኪያዋ መርፌ ግን ቀስ እያለች ወደ ቀዩ ትሄዳለች።

ካቻቢቴ ተረከዟ ላይ ተቀመጠች። ሁሉም ደህና ነው የሚል ሞተር ውሸታም ነው። ማራገቢያው ይዞራል፤ ማንም አይቶ «ይዞራል» ብሎ ያልፈዋል። እሷም አልፋዋለች። ይዞራል፣ እሺ፤ ግን ወዴት? ከተቀዳደደው መጽሐፍ አንድ ገጽ ገነጠለችና ራዲያተሩ ፊት ያዘችው። ማራገቢያው ከኋላ ሆኖ ቀዝቃዛውን አየር ከፊት መሳብ አለበት፤ ወረቀቷ ራዲያተሩ ላይ ልጥፍ ማለት ነበረባት። ወረቀቷ ተነስታ ፊቷን በጥፊ መታቻት። የሞተሩም ትኩስ ትንፋሽ ተከተላት።

ወደ ኋላ ነው የሚነፍሰው።

ጎንበስ ብላ ሽቦዎቹን አየች። የአዲሱ ማራገቢያ ሶኬት ከአሮጌው ጋር አልገጥም ስላላት ቆርጣ ሁለቱን ሽቦዎች በቀጥታ አስራቸው ነበር። ጭቃ ስለለበሱ ቀለማቸው አንድ ነበር፤ «ይኼ ከዚህ ጋር ነው» ብላ ወሰነች፣ አሰረች፣ በጥቁር ናስትሮ ጠቀለለች። ጥቅለላው የእሷ ነው፤ ጫፉ አግድም የተቆረጠ፣ ማንም የማይሳሳተው። ከዚያ አስፋልቱ ላይ በፍጥነት ነድታ ሞከረቻት። በፍጥነት ሲነዳ ነፋሱ ከማራገቢያው ስለሚበረታ መርፌዋ ንቅንቅ አላለችም። ዳገት ላይ ግን፣ ጎማው ድንጋይ በድንጋይ ሲራመድ፣ ነፋስ የለም። ያለው እሷ የገለበጠችው ማራገቢያ ብቻ ነው።

ትናንት በሰው ፊት የተናገረችው ነገር በጆሮዋ ተመለሰ። ፒንሳ አነሳች፣ ናስትሮውን ላጠች፣ ሽቦዎቹን አቀያየረች። ወረቀቷ ራዲያተሩ ላይ ልጥፍ አለች። መርፌዋም ወረደች። ሥራው አንድ ሻይ እስኪቀዘቅዝ እንኳ አልፈጀም።

«አገኘሽው?»

አጎቷ ከኋላዋ ቆሟል። መነጽሩን አላደረገም። ያየው ጀርባዋን ብቻ ነው።

«አየር ነበረበት» አለች።

ሁለት ቃል ናት። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ ይኼ ደግሞ ወለምታ እንኳ አልነበረም፣ ስብራት ነው። አጎቷ «አሃ» አለ። ሄዶ የእንጨት ሳጥኑ ላይ ተቀመጠ።

ከሰዓት እነግረዋለሁ አለች ለራሷ። ከሰዓት ደንበኛ በዛ። በማግስቱ ጠዋት እነግረዋለሁ አለች፤ በማግስቱ ጠዋት አጎቷ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ወደ ጤና ጣቢያው ሄደ። ይቅርታ ሊጠይቅ። ሲመለስ ዓይኖቹ ቀልተው ነበር፤ አቧራ ነው አለ። ትራክተር ነጂው ደግሞ ወሬውን በየደረሰበት ዘርቶታል።

«ሽማግሌው የሳተውን ካቻቢቴ በአንድ ጠዋት አገኘችው! ጋሼ፣ እንግዲህ አንተ ቁጭ ብለህ ጋዜጣህን አንብብ!»

አጎቷ አብሯቸው ሳቀ። የሳቀው ጥርሱ ብቻ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪና ይዞ የመጣ ሁሉ የሆነበትን ሊነግረው ወደ እሱ ሲዞር፣ አጎቷ «ለእሷ ንገራት» ይለዋል። ካቻቢቴን ጎበዝ ይሏታል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሙገሳን እንደ ቀብድ ነበር የምትቀበለው፤ «ገና ምን አይታችሁ!» ትል ነበር። አሁን እያንዳንዷ «ጎበዝ» እንደ ትኩስ ዘይት ጠብታ አንገቷ ላይ ታርፋለች። ምሳ ላይ እንጀራውን በጣቷ ትቆራርሳለች እንጂ አትጎርስም። አጎቷ ግን «ብዪ እንጂ፣ አሁን እኮ ሥራው ባንቺ ላይ ነው» ይላታል፤ ከራሱ ድርሻ ወደ እሷ እየገፋ።

በሦስተኛው ቀን የውሃ ፓምፕ የተቀየረላት ፒካፕ ውሃ ልትሞላ ቆማለች። አጎቷ አንዱ እጀታው በሽቦ የታሰረውን መነጽሩን አድርጎ መጣ።

«እስኪ አየሩን ስታወጪ አሳዪኝ።»

«ምን?»

«ከመጀመሪያው፣ አንድ በአንድ። የቱ ጋ እንደሳትኩ ልወቀው።»

ጉልበቱን ይዞ ቁጢጥ አለ፤ እንደ ተማሪ። ሠላሳ ዓመት ይህን ሥራ የሠራ ሰው ነው። እሷ ሞተር ባየች ጊዜ ሁሉ «ዞር በይ» ሳይል ያሳያት ሰው ነው። ውሃውን ሞላች፤ ብሎኗን ፈትታ አወጣችለት። አየሩ ፍስስ አለ፣ አረፋው ተንፈቀፈቀ፣ ከዚያ ውሃው ጥርት ብሎ በቀጭኑ ወረደ።

«ይችን እኮ ጠብቄያለሁ» አለ፣ ቀጭኗን ውሃ በጣቱ እያሳየ። «እስክትጠራ ጠብቄያለሁ፤ ትዝ ይለኛል። ግን ትዝ የሚለኝ የዚያን ቀን ይሁን የሌላ ቀን እንጃ። ሠላሳ ዓመት አንድ ነገር ስትሠሪ ቀኖቹ ይደባለቃሉ። እንኳን አየሽብኝ። ሰው ሳልገድል አየሽብኝ።»

ብሎኗ ከእጇ አመለጠች። ሲሚንቶው ላይ ተንከባልላ ከፒካፗ ሥር ገባች።

«አጎቴ፣ አየር አልነበረበትም።»

«የቱ?»

«የሲስተር። አየር አልነበረበትም። አንተ አልሳትክም። ማራገቢያውን ገልብጬ አስሬው ነው። ወደ ኋላ ነበር የሚነፍሰው። እኔ ነኝ።»

ውሃው ባዶ በቀረችው ቀዳዳ እየወረደ ጫማቸውን አራሰ። አጎቷ መነጽሩን አወለቀ፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ።

«ሽቦ ማንም ይገለብጣል» አለ ቀስ ብሎ። «እኔ ፍሬኑ ያልተያዘ መኪና አስረክቤ አውቃለሁ። ፈጣሪ ነው የያዘልኝ። ሦስት ቀን ግን! ላላፊ አግዳሚው የሚተርፍ አፍ አለሽ፤ ለኔ ሲደርስ አለቀ?»

«ፈራሁ።»

«ማንን? እኔን?»

«ሰውን። ካቻቢቴ ተሳሳተች እንዳይሉ።»

«እና ሽማግሌው ተሳሳተ ይበሉ?»

መዋሸት ትችል ነበር፤ አልሞከረችም። «አዎ» አለች።

«እሺ» አለ አጎቷ። የመታው «አዎ»ዋ ነበር፤ የሽቦው ነገር አልነበረም፤ ከፊቱ ታየ።

«ወደ ሥራህ ተመለስ በቃ» አለች። «ለሁሉም እኔ እነግራቸዋለሁ። አንተ ምንም አላጠፋህም።»

ቀኝ እጁን ከኪሱ አውጥቶ በመካከላቸው ዘረጋው። ጣቶቹ ነፋስ እንደነካው ቅጠል ይርገፈገፋሉ።

«ጥፋቱ ያንቺ ነው። እጄ ግን የኔ ነው። ድሮ አላየውም ነበር፤ ይኸው ሦስት ቀን ሳየው ዋልኩ። ያየሁትን አላየሁም ልበል?» እጁን መልሶ ከተተ። «ሲስተር ዘንድ የኔ ያልሆነ ይቅርታ አስቀምጬ መጥቻለሁ። ሂጂና ተክተሽ የራስሽን አስቀምጪ።»

ጤና ጣቢያው ኮሪደር ላይ አራት እርጉዞች አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አዋላጇ በሩን ከፍታ በግራ እጇ ካርድ ትጽፋለች፤ ፊደሎቹ እንደ ሕፃን ፊደል ተጋድመዋል። ካቻቢቴ መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀችው ንግግር ጠፋባት። ደፍ ላይ እንደ ቆመች፣ ሴቶቹ እየሰሙ፣ ሽቦውን፣ ማራገቢያውን፣ «አየር ነበረበት» ማለቷን ተናገረች።

አዋላጇ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«አጎትሽ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። ታውቂያለሽ?»

«አላወቅሁም።»

«አንቺ ደግሞ በሰው ፊት ተሳለቅሽብኝ።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ሲስተር።»

«ክዳኑን የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ለእሱ አልከስሽም። ሽቦውም ይሁን፣ ይለፍ። የአጎትሽን እንባ ግን እኔ ይቅር ልልሽ አልችልም፤ የኔ አይደለምና።» ካርዱን ወደ ጎን ገፋች። «ነገ ጠዋት ላይኛው መንደር እወጣለሁ። አራሷንም ልጁንም ማየት አለብኝ። በአንድ እጅ መሪ አይያዝም።»

«እኔ እነዳለሁ።»

«ጠይቄሽ አይደለም፤ እየነገርኩሽ ነው።»

«ሲስተር» አለች ከአግዳሚው ወንበር አንዷ፣ ሆዷን እያሻሸች፣ «የኔ ቀን ሲደርስ ግን አደራ፣ በእግርሽ ነይልኝ።»

ሴቶቹ ሳቁ። ካቻቢቴ መልስ ነበራት፤ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው።

በማግስቱ ጠዋት ወጡ። አዋላጇ ከኋላዋ ተቀምጣ በደህናው እጇ የካቻቢቴን ቀበቶ ይዛለች። ዳገቱ ወገብ ላይ ሲደርሱ የካቻቢቴን ትከሻ መታ መታ አደረገች።

«እዚህ ጋ ነው።»

ካቻቢቴ ቆመች፣ ሞተሩን አጠፋች። ድንጋዩ ላይ የራዲያተሩ ውሃ ደርቆ ዝገታም እድፍ ትቷል። አጠገቡ የተጨማደደ የጨርቅ ጓንት ወድቋል። መንገዱ ከዚያ ወደ ላይ እንደ መሰላል ይቆማል፤ መንደሩ አይታይም።

«ከዚህ በእግር ምን ያህል ነው?»

«ሃምሳ ደቂቃ። እጅ እየተቃጠለ ከዚያም በላይ ነው።»

ካቻቢቴ ወረደች። ጓንቱን አንስታ አቧራውን አራገፈች፣ የት እንደምታደርገው ጠፋት። የሆነ ነገር ማለት፣ ወይም ከዚህ በእግሬ ልውጣ ማለት ፈለገች። ዓይኗ ሞላ። ድንጋዩ ፊት እንደ ተገተረች ቆየች።

«ምን ትጠብቂያለሽ?» አለች አዋላጇ፣ ከመቀመጫዋ ሳትነቃነቅ።

«እኔ... ሲስተር፣ እኔ እኮ...»

«አንቺ አዝነሽ እስክትጨርሺ ልጁ ጥርስ ያወጣል። አስነሺው! ላይ ቤት ሰው ይጠብቃል።»

አስነሳችው።